በዐጸደ ቤተ ክርስቲያንና በአያቶች ግቢ ስለምትገኝ ጽጌ ረዳ፤ ስሟንና አመጣጧን ስለ መመርመር

በዘመነ ጽጌ፥ ከመስከረም 26 ቀን ዠምሮ እስከ ኅዳር 5 ቀን ድረስ፥ በቢቸናና በሞጣ ዙሪያ ባሉት አድባራት ማኅሌተ ጽጌ ይቆማል። አባ ጽጌ ብርሃንና አባ ገብረ ማርያም ደረሱት የሚባለውን ይህን ድርሰት ካህናቱ በየእሑዱ ሌሊት እያዜሙ ሲያድሩ የአበባ ስም ከአፋቸው አይለይም። ሲነጋ ግን ከቅኔ ማኅሌቱ ወጥቶ በዐጸዱ የሚያልፍ ሰው፥ ከቅጥሩ ጥግ ጽጌ ረዳ ቆማ ቢያይ፥ «ይህች ከወዴት መጣች? ማን ተከላት? ነገዷስ ምንድን ነው?» ብሎ የሚጠይቀው ጥቂት ነው። በመንደርም በየአጥር ግቢው ለምትገኘው ነገሩ እንዲሁ ነው። ባለቤቲቱ ብትጠየቅ «ከአያቴ የቆየች ናት» ትላለች። መልሱ እውነት ነው፤ ነገር ግን አያትዮዋ ከማን እጅ እንደ ተቀበለቻት አይናገርም።

ጽጌ ረዳ እንደ ጤፍና እንደ ገብስ በዘር አትወረስም። በግቢ የሚተከሉት ጽጌ ረዳዎች የሚበዙት ከሁለትና ከሦስት ነገድ የተዳቀሉ ስለ ሆኑ፥ ዘራቸው ቢዘራ ልጂቱ እናቲቱን አትመስልም። ስለዚህ እናት ለልጇ ስትሰጥ ቅርንጫፍ ቆርጣ፥ ወይም ከሥሯ የፈላውን ቀንበጥ ነቅላ ነው። እንዲህም ከሆነ ዛሬ በልጅ ልጅ ደጃፍ የቆመችው ተክል አያት የተከለቻት የዚያችው ቁራጭ ናት፤ ያችም የሌላይቱ፥ ሌላይቱም የቀደመችው ቁራጭ። አንዲት አካል ከግቢ ወደ ግቢ እየተሻገረች ስንት ዕድሜ እንደ ኖረች የሚያውቅ የለም። የመጨረሻይቱ በደረቀች ጊዜም በጎተራ የተቀመጠ ዘር ስለሌላት መልሶ ማብቀል አይቻልም። ስሟንና አመጣጧን ሳለች መጠየቅ የሚገባው ስለዚህ ነው።

ከሁሉ አስቀድሞ የሐበሻን የራሱን ጽጌ ረዳ መለየት ያስፈልጋል፤ እርሱም ቀጋ ነው። ቀጋን በጎጃም የማያውቅ እረኛ የለም። ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,000 ሜትር ግድም ዠምሮ እስከ 3,000 ሜትር በሚደርሰው ወይና ደጋና ደጋ፥ በዱር ዳርና በወንዝ አፋፍ፥ በቤተ ክርስቲያንም ደን ጠርዝ ይበቅላል። እሾሁ እንደ ድመት ጥፍር ወደ ታች የተቈለመመ ነው፤ በዛፍ ላይም ይንጠላጠላል። አበባው ነጭ፥ ቅጠሉም አምስት ብቻ ነው፤ ሽታው መልካም ነው። ፍሬው በበሰለ ጊዜ ይቀላል፤ ልጆች ውስጡን አውጥተው ሥጋውን ይበሉታል፤ ካላወጡት በፍሬው መካከል ያለው ፀጉር የሚመስል ነገር ጉሮሮ ያሳክካል። የአበባውን መካከል አቅርቦ ያየ ሰው ሌላ ምልክት ያገኛል፤ ብናኙን የሚቀበሉት ቀጫጭን ክሮች ተጣብቀው እንደ አንዲት ትንሽ ዐምድ ቀጥ ብለው ይወጣሉ። ከሰሐራ ምድረ በዳ በስተደቡብ ባለው አፍሪካ በተፈጥሮ የሚበቅል የጽጌ ረዳ ነገድ ይህ ቀጋ ብቻ ነው። እንግሊዛዊው ዮሐንስ ሊንድሊ በፈረንጆች አቆጣጠር በ1820 ዓ.ም. ስለ ጽጌ ረዳ ባሳተመው መጽሐፍ ሮዛ አቢሲኒካ ብሎ ጽፎታል፤ ትርጓሜውም የሐበሻ ጽጌ ረዳ ማለት ነው። እንግዲህ የሊቃውንት ዓለም የአገሪቱን ስም የሰጠው ጽጌ ረዳ፥ በአገሪቱ ሕዝብ ዘንድ ጽጌ ረዳ ሳይባል የዐጥር እሾህ ሆኖ የቀረው ነው። (ቀጋ ይህ ክብር እንዳለው ያልተነገረው የቤተ ክርስቲያን ዘበኛ ዐጥር ሲያጠራ በማጭድ ቢያጭደው ሊፈረድበት አይገባም።)

ስሙስ ምን ያስረዳል? «ጽጌ ረዳ» ከግዕዝ የመጣ ነው፤ ጽጌ ማለት አበባ እንደ ሆነ የታወቀ ነው፤ «ረዳ» የሚለው ደግሞ በድምፁ ጽርዓውያን ለዚሁ አበባ ከሚሉት «ሮዶን» ጋራ ይቀራረባል። የዕፀዋት ስም አንዳንድ ጊዜ የመጡበትን መንገድ ይዞ ይገኛል፤ ባሕር ዛፍ ከባሕር ማዶ እንደ መጣ ስሙ ራሱ ይመሰክራል። ነገር ግን በስም ብቻ መታመን ያሳስታል። በኢሳይያስ 35ኛው ምዕራፍና በመኃልየ መኃልይ 2ኛው ምዕራፍ በአማርኛው መጽሐፍ ቅዱስ ጽጌ ረዳ ተብሎ የተተረጐመው የዕብራይስጥ ቃል፥ የቋንቋው ዐዋቂዎች እንደሚሉት፥ ከምድር ውስጥ ከሽንኩርት መሳይ ሥር የምትወጣ ሌላ የመስክ አበባ ናት። ጽሕፈቱ ጽጌ ረዳ ቢልም ምድሩ ላይ የቆመችው ሌላ ልትሆን ትችላለችና፥ የሚመረመረው ተክሉ ራሱ ነው።

ከቀጋ ሌላ ግን በኢትዮጵያ አብያተ ክርስቲያናት ዐጸድ የተተከለች፥ ያልዘሯት ሌላ ጽጌ ረዳ እንዳለች ለዓለም የታወቀው እንዲህ ነው። በፈረንጆች አቆጣጠር ከ1839 እስከ 1843 ዓ.ም. ቴዎፍሎስ ለፌቭር የሚባል የፈረንሳይ መርከበኛ ሹም በኢትዮጵያ ሲዘዋወር፥ ካርተን ዲሎንና ፐቲ የሚባሉ ሁለት ሐኪሞች አብረውት ነበሩ፤ ሥራቸውም ዕፀዋትንና አራዊትን መሰብሰብ ነበር። ሁለቱም ወደ አገራቸው አልተመለሱም። ካርተን ዲሎን በመረብ በረሃ በንዳድ ታሞ በ1840 ዓ.ም. ሞተ። ፐቲም በ1843 ዓ.ም. ዓባይን ሲሻገር አዞ ወሰደው። የዓባይን ቈላ ወርዶ የወጣ የቢቸና ሰው ይህ ምን ዐይነት ሞት እንደ ሆነ አይጠፋውም። የሰበሰቡት ደረቅ ቅጠል ግን በፓሪስ አሺል ሪሻር ከሚባለው ሊቅ እጅ ደረሰ። ሪሻር ኢትዮጵያን በዐይኑ አይቶ አያውቅም፤ በወረቀት መካከል የደረቀውን ቅርንጫፍ እያየ ስለ ሐበሻ ዕፀዋት ታላቅ መጽሐፍ ጻፈ። በዚያ መጽሐፍ በ1847 ዓ.ም. አንዲት ጽጌ ረዳ አገባ፤ በትግራይ በክርስቲያኖች አብያተ ክርስቲያናት ዐጸድ የምትተከል ናት ብሎ ስሟን ሮዛ ሳንክታ፥ ማለት ቅድስት ጽጌ ረዳ፥ አላት። እንግዲህ ቅድስት ያሰኛት የቆመችበት ስፍራ ነው። ይህችን ስንት ትውልድ ቈርጦ የተከላት፥ ውሃ ያጠጣት፥ ፍየል የከለከለላት ቄሰ ገበዝና መነኵሴ ግን በመጽሐፉ ስም የለውም።

ስሙም ቢሆን አልጸናላትም። ሮዛ ሳንክታ የሚል ስም አስቀድሞ ለሌላ ጽጌ ረዳ ተሰጥቶ ስለ ነበረ፥ በዕፀዋት ሊቃውንት ሕግ አንድ ስም ለሁለት አይሆንምና፥ በአሜሪካ ይሠራ የነበረው አልፍሬድ ሬደር በ1922 ዓ.ም. በሪሻር ስም ሮዛ ሪካርዲ ብሎ ሠየማት። ዛሬ በአውሮፓ የአትክልት ስፍራዎች ትገኛለች፤ ዝቅ ብላ የምትሰፋ ቍጥቋጦ፥ አበባዋ ሰፊ፥ ቅጠሉ አምስት፥ ቀለሙም ፈዘዝ ያለ ሮዝ ሆኖ ወደ ነጭ የሚያደላ፥ በመካከሉ ቢጫ ክር የሞላበት ነው። ከቀጋ የምትለየው በዚህ ነው፤ እርሷ እንደ ቀጋ በዛፍ ላይ አትንጠላጠልም።

ከዚያ ወዲያ የሆነው ነገር ግን ከሁሉ ይልቅ ያስደንቃል። በ1888 ዓ.ም. ፍሊንደርስ ፔትሪ የሚባል እንግሊዛዊ በግብጽ በፋዩም አውራጃ ሐዋራ በሚባል ስፍራ የጥንት መቃብር ሲቈፍር፥ ሮማውያን ግብጽን ይገዙ በነበረበት ዘመን ከተቀበሩት ሙታን ጋራ የአበባ ጕንጕን አገኘ። አበቦቹን የመረመረው ፐርሲ ኒውቤሪ እንደ ጻፈው፥ ጽጌ ረዳዎቹ ሳይፈኩ በእንቡጥነታቸው የተቀጠፉ ነበሩ፤ ይህም የተደረገው ቅጠላቸው እንዳይረግፍ ነው። በሬሳ ሣጥን ውስጥ ደርቀው እንደ ትንሽ ኳስ ተጨማደው ነበር። ነገር ግን በሙቅ ውሃ ባራሷቸውና ቅጠሉን አንድ ባንድ በገለጡት ጊዜ፥ በመካከል ያሉት የብናኝ ክሮች ምንም ሳይጐድሉ ተገኙ። ሰው በኀዘን ጊዜ ለወዳጁ የቀጠፈው እንቡጥ ከሺሕ አምስት መቶ ዓመት የሚበልጥ ዘመን ተዘግቶ ቈይቶ በእንግሊዛዊ ጻሕል ውስጥ ተከፈተ። በዚያን ጊዜ ስለ ጽጌ ረዳ ከሁሉ ይልቅ ዐዋቂ የነበረው የብሩክሴል ሊቅ ፍራንሷ ክሬፔን ይህን አይቶ፥ ከሪሻር ጽሕፈት ጋራ አስተያይቶ፥ በሐበሻ አብያተ ክርስቲያናት ዐጸድ ያለችው ያችው ናት ብሎ ፈረደ።

ልብ ይባል፤ ክሬፔን ይህን ለመፍረድ የቻለው በትግራይ ዐጸድ የቆመችው ስላልጠፋች ነው። ግብጻውያን በመቃብር የቀበሯትን ጽጌ ረዳ ለይቶ ለማወቅ ምስክር ሆና የተገኘችው የኢትዮጵያ ካህናት ያቈዩአት ናት።

ከዚህ በኋላ ግን ጥንቃቄ የሚያሻው ነገር መጣ። ክሬፔንና ከእርሱም በኋላ እንግሊዛዊው ሁርስት በ1941 ዓ.ም. እንዲህ የሚል አሳብ አቀረቡ፤ ይህችን ጽጌ ረዳ ወደ ኢትዮጵያ ያመጣት አባ ሰላማ ከሣቴ ብርሃን ፍሬምናጦስ ይሆናል አሉ። ምክንያታቸውም ፍሬምናጦስ የጢሮስ ሰው ነው፤ ጢሮስም የፊንቄ ከተማ ናት፤ ከጽጌ ረዳይቱም ወላጆች አንዱ በፊንቄና በሶርያ የሚበቅለው ሮዛ ፌኒቂያ ሳይሆን አይቀርም የሚል ነበር። ይህን የሰማ ክርስቲያን ልቡ ደስ ይለዋል። አገሪቱን ያጠመቀ አባት በአንድ እጁ ወንጌል፥ በአንድ እጁ ጽጌ ረዳ ይዞ መጣ ቢባል እንዴት ያለ ቅኔ ይወጣዋል! ነገር ግን ቅኔ ሌላ ነው፥ ታሪክም ሌላ ነው። የፍሬምናጦስን ነገር ከሁሉ አስቀድሞ የጻፈው ሩፊኖስ፥ ከወንድሙ ከኤዴስዮስ አፍ እንደ ሰማው ይናገራል፤ በዚያ ጽሕፈት የአበባ ነገር የለም። ሐምሌ 26 ቀን በስንክሳር የሚነበበውም አባ ሰላማ ከእስክንድርያ ከቅዱስ አትናቴዎስ ዘንድ ጵጵስና ተቀብለው መመለሳቸውን እንጂ ጽጌ ረዳ ማምጣታቸውን አይልም። ሊቃውንቱ ራሳቸውም «ይሆናል» አሉ እንጂ «ነው» አላሉም። «ይሆናል» የተባለው ከአፍ ወደ አፍ ሲተላለፍ «ነው» ሆነ፤ ዛሬ በብዙ መጽሐፍ እንደ ተረጋገጠ ነገር ይነበባል።

ደግሞም የራሳቸው ማስረጃ ወደ ሌላ በር ያመለክታል። ጕንጕኑ የተገኘው በጢሮስ አይደለም፥ በግብጽ ነው። ከአባ ሰላማ ዘመን ዠምሮ እስከ 20ኛው መቶ ዓመት እኩሌታ ድረስ ለኢትዮጵያ ጳጳስ የሚላክላት ከእስክንድርያ መንበር ነበረ። በእነዚያ 1,600 ዓመታት ስንት ጳጳስ፥ ስንት ቆሞስ፥ ወደ ኢየሩሳሌም ሄዶ የተመለሰ ስንት መነኵሴ ግብጽን ረግጦ መጥቷል! ከእነዚህ አንዱ እርጥብ ቅርንጫፍ በጨርቅ ጠቅልሎ ይዞ ቢሆን፥ ስሙ ስላልተጻፈ ክብሩን ለታወቀው ሰው መስጠት ለታወቀውም አይጨምርለትም። አባ ሰላማ የሰጡት ሥጦታ ተቈጥሮ አያልቅም፤ ያልተመሰከረ አበባ አያሻቸውም።

የወላጆቿም ነገር በዐይን ፍርድ የተነገረ መሆኑን ማሰብ ይገባል። ይኸው ሁርስት ስለ ደማስቆ ጽጌ ረዳም፥ ሽቱ ስለሚጨመቅባት፥ ከወላጆቿ አንዱ ያው ሮዛ ፌኒቂያ ነው ብሎ ነበር፤ ብዙዎችም ተቀብለውት ኖሩ። በ2000 ዓ.ም. በፈረንጅ አቆጣጠር የጃፓን ሊቃውንት በተክሏ ሕዋስ ውስጥ ያለውን የዘር ጽሕፈት፥ ዲ.ኤን.ኤ. የሚባለውን፥ በመረመሩ ጊዜ ወላጆቿ ሦስት ሆነው ተገኙ፤ ሮዛ ፌኒቂያም ከመካከላቸው የለም። ከሦስቱም አንዱ መካከለኛው እስያ የሚበቅል፥ ማንም ያልጠረጠረው ነበር። መልክ አይቶ «የእገሌ ልጅ ነው» ማለት በሰውም በአበባም ብዙ ጊዜ አስቷል።

አሁን ወደ ቢቸናና ወደ ሞጣ ግቢ መመለስ ይቻላል። ሪሻር የጻፈው ስለ ትግራይ ዐጸድ ነው። በጎጃም በአንዲት አሮጊት ደጃፍ ያለችው ጽጌ ረዳ ያችው ናት ወይስ ሌላ ናት ለማለት፥ ተክሏን እንደ ምስክር አቁሞ መጠየቅ ያስፈልጋል። ከሁሉም የሚበልጠው ጥያቄ «በዓመት ስንት ጊዜ ታብቢያለሽ?» የሚለው ነው። የጥንቶቹ የምዕራብ እስያና የአውሮፓ ጽጌ ረዳዎች ከጥቂቶቹ በቀር በዓመት አንድ ወራት አብበው ያርፋሉ። ሳያቋርጡ ማበብ ወደ አውሮፓ ጽጌ ረዳዎች የገባው በ18ኛው መቶ ዓመት መጨረሻ ከቻይና በመጡት ዘር ነው፤ ከእነዚያም ጋራ ከተዳቀሉት አንዷ፥ ላ ፍራንስ የተባለችው፥ በ1867 ዓ.ም. ወጣች፤ በዛሬ ዘመን በየከተማው የሚሸጡት ጽጌ ረዳዎች የሚበዙት ከዚያ ወገን ናቸው። እንግዲህ አበባዋ ቅጠሉ የተደራረበ፥ ከመስከረም እስከ ሰኔ እየደጋገመች የምታብብ ጽጌ ረዳ ብትገኝ፥ ባለቤቲቱ ምንም «የጥንት ናት» ብትል፥ የቻይና ደም ያለባት ናት፤ ከዐፄ ምኒልክ ዘመን አስቀድማ ወደ ጎጃም መድረሷም ያጠራጥራል። ይህን መስማት አያትን ማሳፈር አይሆንም። ሦስት ትውልድ ያጠጣት ጽጌ ረዳ ለቤተ ሰቡ በቂ ጥንት ናት። ነገር ግን ቅጠሉ አምስት ብቻ፥ ፈዘዝ ያለ ሮዝ፥ በዓመት አንድ ጊዜ የምታብብ፥ ዝቅ ብላ የምትሰፋ ብትገኝ፥ ያን ጊዜ ነገሩ ሌላ ነውና በችኰላ መቍረጥ አይገባም።

ሁለተኛው ምስክር ሰው ነው። ተክል በራሱ አይሄድም፤ የሚሄደው በሰው እጅ ነውና የሰውን መንገድ መጠየቅ ያስፈልጋል። በዚህ በምሥራቅ ጎጃም የታወቁ መንገዶች አሉ። የሞጣ ጊዮርጊስን ያሠሩት የእቴጌ ምንትዋብ ልጅ ወይዘሮ ወለተ እስራኤል የጎንደር ቤተ መንግሥት ልጅ ነበሩ። መርጡለ ማርያምን ከዚያ ሁለት መቶ ዓመት ከሚበልጥ ዘመን አስቀድመው እቴጌ እሌኒ አሠርተዋታል። ወደ ዲማ ጊዮርጊስና ወደ ደብረ ወርቅ ማርያም ቅኔና መጻሕፍት ለመማር ከየአገሩ ተማሪ ሲመጣና ሲሄድ ኖሯል። ማን ምን ይዞ እንደ መጣ የሚነገረው ግን በእቴጌዎች ታሪክ ዘንድ አይደለም፤ በየቤቱ በአሮጊቶች አፍ ነው። «ይህችን እናቴ ስትዳር ከአባቷ ቤት አመጣቻት፤ የአባቷም ቤት እገሌ ደብር አጠገብ ነበረ» የምትል አንዲት አሮጊት ከብዙ መጽሐፍ የምትበልጥ ምስክር ናት። የአሮጊቲቱ ዕድሜ ግን እንደ ጽጌ ረዳይቱ በቅርንጫፍ አይቀጠልም፤ ከሞተች በኋላ የሚቀረው «የቆየች ናት» የሚለው ቃል ብቻ ነው።

በዐጸድ ላለችውም እንዲሁ ነው። ደብር በታደሰ፥ ቅጥር በተሠራ፥ ኢዮቤልዩም በተከበረ ጊዜ ስፍራ ይጸዳል፤ የተጸዳው ስፍራም ያምራል። በዚያ ጽዳት መካከል አንዲት ዝቅ ያለች እሾሃም ቍጥቋጦ ብትነቀል ማንም አያዝንም፤ ጥያቄዋም ሳይጠየቅ አብሯት ይሄዳል።

ይህን የሚሠራው ሰው ከሩቅ አገር መምጣት የለበትም፤ ሥራውም ከአንድ ዲያቆን ዐቅም አያልፍም። በምታብብበት ወራት አበባና ቅጠል እሾህም ያለበት አንድ ቅርንጫፍ በመቀስ ይቈረጣል፤ በሁለት ወረቀት መካከል ሆኖ በድንጋይ ይጫናል፤ ወረቀቱም እርጥበት እንዳይዘው በየቀኑ ይለወጣል። ሲደርቅ ይጠፋልና የአበባው ቀለም ሳይደርቅ ይጻፋል። ከዚያም የተቈረጠበት ቀን፥ የግቢው ስፍራ፥ ተክሏን ለባለቤቲቱ ማን እንደ ሰጣት፥ ለሰጪዋም ማን እንደ ሰጣት፥ በዓመት ስንት ጊዜ እንደምታብብ፥ ፍሬ ትይዝ እንደ ሆነ ይመዘገባል። ወረቀቱ ከደብሩ መዝገብ ጋራ በዕቃ ቤት ይቀመጣል፤ አንድ ቅጂም የደረቁ ዕፀዋት ወደሚጠበቁበት ወደ አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ግምጃ ቢላክ ከቀሩት ጋራ አስተያይቶ የሚፈርድ አይጠፋም። የሰኔም ዝናም ሲጥል ከዚያችው ሁለት ቅርንጫፍ ተቈርጦ፥ አንዱ በዐጸዱ በሌላ ጥግ፥ አንዱ በሌላ ሰው ግቢ ይተከላል፤ ፍየልም እንዳይደርስበት የቀጋ እሾህ ይዞርበታል።